ከእህት ጀርባ እስከ ሕፃናት ማቆያ

በእንጅባራ የክረምት ጧት ጉሙ ቶሎ አይገለጥም። እንዲህ ባለ አንድ ጧት የአራት ወር ሴት ልጃችንን በጋቢ ጠቅልለን ባለቤቴ ወደምትሠራበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይዘናት ሄድን። የወሊድ ፈቃዱ አልቋል፤ የዓመት ዕረፍትም ተጨምሮበት ተሟጧል። ከእንግዲህ ልጅቱ የምትውለው በግቢው ጥግ በተዘጋጀችው የሕፃናት ማቆያ ክፍል ነው። ፍራሽ፣ ጥቂት አሻንጉሊት፣ ሁለት ወጣት ሞግዚቶች። እናቷ ቢሮዋ ቅርብ ስለሆነ እየተመላለሰች ታጠባታለች።

ታላቅ እህቴ ለዚህች ቀን ብላ ከዳንግላ መጥታ አብራን ነበረች። ክፍሉን ዞራ ዞራ አየችና አንደኛዋን ሞግዚት ጠየቀቻት።

«አንቺ ነሽ የምታዝያት?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ደመወዝ አለሽ?»

ልጅቱ ፈገግ ብላ «ትንሽም ብትሆን አለችኝ» አለች። እህቴ «ደግ ነው» ብላ ወጣች። እስከ ቤት ድረስ ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ዝምታ ነው። እኔን አዝላ ያሳደገችኝ እትዬ ናትና። በ1981 ዓ.ም. ስወለድ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አንደኛ ክፍል ተመዝግባ ፊደል መለየት ጀምራለች። እናታችን ገበያ ነጋዴ ስለነበረች ሕፃኑን የሚይዝ ሰው አስፈለገ። እትዬ ከትምህርት ቤት ቀረች። እኔ በጊዜዬ ተማርኩ፣ ዲፕሎማም ያዝኩ። እሷ ግን ወደዚያ ክፍል አልተመለሰችም።

ዛሬ ዛሬ «ሕፃንን ለባዳ ሰጥቶ መሄድ የፈረንጅ ልማድ ነው፤ ድሮ እናት ልጇን ራሷ ታሳድግ ነበር» ሲባል ደጋግመን እንሰማለን። ለመሆኑ ይህ እውነት ነውን?

ሁላችንም የምናውቀውን እሹሩሩን ልብ ብለን እናድምጠው። የምታዜመው እናትየዋ አይደለችም። ዘፋኟ እናቲቱ ካለችበት ቶሎ እንድትመጣ የምትጣራ ሌላ ሰው ናት። እናት ገበያ ናት፣ ወንዝ ናት፣ እርሻ ናት። ሕፃኑን ይዛ የቀረችው እህት ወይም አያት ናት፤ ደኅና ኑሮ ባለበት ቤትም ሞግዚት። እንግዲህ ይህ ዜማ ለታሪክ ጥናት ምስክር ሆኖ ቢቀርብ የሚነግረን አንድ ነገር ነው፤ የአገራችን እናት ልጇን ብቻዋን አሳድጋ አታውቅም። ሠራተኛ ነበረችና አትችልም።

የኔታ ዘንድ ለፊደል የሚላከው ልጅ አራትና አምስት ዓመት ሲሞላው ነው፤ ያም በአብዛኛው ወንድ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ዓመታት በአንቀልባ የሚያልፉ ነበሩ። የቆዳውን አንቀልባ በየሙዚየሙ ተሰቅሎ እናየዋለን። የተሸከመችውን ጀርባ ግን የሚያስታውስ የለም። በዳንግላ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ ዞሮ አጥንቶ በ1936 መጽሐፍ አሳትሟል። ወንዙ ታሪክ ጸሐፊ አገኘ። ልጅ አዝላ ወደዚያው ወንዝ ውሃ ልትቀዳ ለምትወርደው ልጃገረድ መዝገብ የያዘላት ማን ነው?

በሌላው ዓለም ነገሩ እንዴት ተጀመረ? ፈርማን ማርቦ የተባለ ፈረንሳዊ የሕግ ሰው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1844 በፓሪስ፣ ሻዮ በተባለው ሠፈር፣ ለጡት ልጆች የሚሆን የቀን ማቆያ ከፈተ። የታሰበው ለድኾች ሠራተኛ እናቶች ነበር። በዚያው ዘመን ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮቤል ከፍ ላሉት ሕፃናት የሚሆነውን ትምህርት ቤት «የሕፃናት የአትክልት ሥፍራ» ብሎ ሰይሞታል። እኛ «መዋዕለ ሕፃናት» አልነው። ስሙ «ዋለ» ከሚለው ቃል ከግእዙ ሥር የወጣ ነውና ሕፃናት የሚውሉበት ማለት ነው፤ ከፈረንጁ ይልቅ የእኛው ስም ለእውነቱ ይቀርባል።

ነገር ግን በእኛ አገር መዋዕለ ሕፃናት የመጣው በተቃራኒው በር ነው። የመጀመሪያው የተከፈተው በባቡሩ ዘመን በድሬዳዋ፣ ለፈረንሳውያን ባለሙያዎች ልጆች መሆኑ ይነገራል። ቀጥሎ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ፣ የጀርመንና የሊሴ ገብረ ማርያም ትምህርት ቤቶች ሕፃናትን ተቀበሉ። ፓሪስ ላይ ለድኻ እናት የተጀመረው ነገር እኛ ዘንድ ላለው ሰው ልጅ ጌጥ ሆኖ ገባ። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ በመላ አገሪቱ የነበሩት 77 ብቻ ነበሩ።

ደርግ እ.ኤ.አ. በ1981 የሕፃናት ኮሚሽንን አቋቋመ፤ ቁጥሩም እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ 912 ደረሰ። ይሁንና እኔ በተወለድኩበት ሠፈር አንድም አልነበረም። እትዬ 913ኛው ነበረች ብል ማጋነን አይሆንም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲወጣ ደግሞ ቅድመ መደበኛው በአብዛኛው ለግል ባለሀብትና ለበጎ አድራጊ ድርጅቶች ተተወ። በ2002 ዓ.ም. ለሕፃናት ክብካቤና ትምህርት የወጣው የፖሊሲ ማዕቀፍ በየአንደኛ ደረጃው ትምህርት ቤት የዜሮ ክፍልን አስፋፋ። ያም ቢሆን ለስድስት ዓመት ልጅ እንጂ ለጡት ልጅ አይደለም።

ለጡት ልጅ ትልቁን እርምጃ ያመጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ነው። ከወሊድ በኋላ ያለውን ፈቃድ ከ60 ቀን ወደ 90 ቀን አሳደገው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም እናቶች የሚያጠቡበትና ልጆቻቸው የሚውሉበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደነገገ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 90ውን ቀን ለሌሎች ተቀጣሪዎችም ሰጠ። ልጃችን የገባችባት ክፍል የዚህ ሕግ ልጅ ናት።

ክፍሏ ሁሉንም አትተካም። እናቴ የልጅ ልጇን የምታባብለው በአዊኛ ነበር፤ በማቆያው የሚነገረው አማርኛ ነው። ቋንቋችን በዞናችን በትምህርት ቤት መስጠት ከጀመረ ወዲህ ዓመታት ቢቆጠሩም፣ ልጅ ከመጽሐፍ በፊት የሚሰማው ያዘለውን ሰው አንደበት ነው። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ የአያት ናቸው ብለን ተስማማን።

«አንተስ? እቤትህ ተቀምጠህ የምትጽፍ ሰው ምን ቸገረህ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ትክክል ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ግማሽ ቀን እኔ ስይዛት አንድ ገጽ አልጻፍኩም። እስከ ዛሬ በዚህ ታሪክ ውስጥ የቆጠርኳቸው እጆች ሁሉ የሴት እጆች መሆናቸውም የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። የሕፃን ነገርም እንዲሁ ነው። ሸክሙ በአንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ላይ ሲያርፍ ግን ዋጋው የእሷ ዕድሜ ነው። ያ ዘመን አልፏል ለማለትም አልደፍርም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሠተው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ደብተሯን አስቀምጣ ታናሿን ያዘለች ልጅ በየቤቱ እንደምትኖር ለመገመት ጥናት አያሻም።

ማታ ልጅቱን ስናመጣት እትዬ ማንንም ሳታስቀድም ተቀበለችንና አዘለቻት። እኔም ሁልጊዜ ያልጠየቅኳትን ጠየቅኳት። አምስት ልጅ ወልዳ አንዲቱንም ለሕፃን ብላ ከትምህርት አላስቀረችም፤ እንዴት ቻለችው?

«ድንች ስሸጥ በሁለት ጆንያ መሐል አስተኛቸው ነበር» አለችኝ። «ዝናብ ሲመጣ ነበር የሚከፋኝ።»

አዋጁ የሚያውቀው ደመወዝ ያላትን እናት ነው። ገበያ የምትውለው እናት ቢሮ የላት፣ የወሊድ ፈቃድ የሚሰጣት አለቃ የላት። በየገበያችን የመጋዘን ቦታ አለ፣ የከብት ማሰሪያ ቦታ አለ። ለሕፃን ጣሪያ ያላት አንዲት ክፍል ለመጨመር ምን ያህል ቆርቆሮ ይፈጃል? እትዬን ብትጠይቋት ታውቀዋለች፤ በየገበያው ቀን አንጋጣ ስትለካው የኖረች ናትና።