መጽሐፍ ከዕቃ ቤት ወጥቶ ወደ ልጆች ቤት ስለ መግባቱ

የመጽሐፍ ጥቅሙ በመነበቡ ነው እንጂ በመቀመጡ አይደለም። ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ ዳሩ ግን ዐውቆ የሚሠራበት ጥቂት ነው። በዛሬው ጊዜ በከተማም ሆነ በገጠር ብዙ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት አላቸው። በአንዳንዶቹ ግን መጻሕፍቱ በመደርደሪያ ተሰልፈው፥ በሩ በቍልፍ ተዘግቶ፥ ልጆቹ በመስኮት እያዩ ያልፋሉ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው። እንግዲህ መጽሐፍን ከልጅ ጋራ ወደ ቤቱ መስደድ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር ነውን? ወይስ ከአባቶቻችን የተወረሰ ልማድ ነው? ብለን ታሪክን ብንጠይቅ፥ ታሪክ መዝጋትንም መስጠትንም ያሳየናል። ሁለቱም ምን ፍሬ እንዳፈሩ በየተራው እንመልከት።

አስቀድሞ ስለ መዝጋት እንናገር። አባቶቻችን መጽሐፍን በዕቃ ቤት ያኖሩት ስለ ንፉግነት አይደለም። ብራና ለማዘጋጀት የፍየል ወይም የበግ ቆዳ በውኃ ይነከራል፤ በእንጨት ተወጥሮ ጠጕሩና ሥጋው ይፋቃል፤ ከደረቀና ከለሰለሰ በኋላም በወስፌ ይሰመራል። ቀለሙ ከጥላሸት ተበጥብጦ፥ ብዕሩ ከመቃ ተቀርጾ፥ ጸሓፊው ብራናውን ከጕልበቱ ላይ አኑሮ ፊደሉን አንድ በአንድ ይጽፋል። ከአንድ ቆዳ የሚወጣው ቅጠል ጥቂት ስለ ሆነ፥ አንድ ትልቅ መጽሐፍ የመንጋ ዋጋና የብዙ ወራት ድካም ይፈጅ ነበር። ከዚህም በላይ በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ አሕመድ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ተቃጥለዋል። ስለዚህ መጽሐፍን መዝጋት ማዳን ነበረ፤ በመጽሐፉም መጨረሻ የሰረቀውንና የፋቀውን የሚያወግዝ ቃል መጻፍ የተለመደ ሆነ።

ገዳማትም የመጻሕፍት ጎተራ ነበሩ። በ13ኛው መቶ ዓመት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የነበሩት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስጻፉት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። ሌሎችም ገዳማት እንዲሁ ባይጠብቁልን ኖሮ የጥንቱን ነገር የምናውቅበት ባልተገኘም ነበር። ስለዚህ ጠባቂዎቹን ልናመሰግናቸው እንጂ ልንነቅፋቸው አይገባም።

ነገር ግን በአንድ ስፍራ የተሰበሰበ ሀብት በአንድ ቀን ሊሄድ ይችላል። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደርና ከሌላም አገር አያሌ መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። በሚያዝያ ወር በ1860 ዓመተ ምሕረት ንጉሠ ነገሥቱ በሞቱ ጊዜ የእንግሊዝ ጦር አምባውን በዘበዘ፤ ብዝበዛውንም በዝሆንና በበቅሎ አስጭኖ ወረደ፤ ከመጻሕፍቱም 350 ያህሉ ለንደን ገብተው በእንግሊዞች ቤተ መዘክር ተቀመጡ። ያ ሁሉ ስብስብ ሲወሰድ፥ ማንበብ በሚያውቀው ሰው ሁሉ ቤት ከምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ የነበረው ዳዊት ግን በቦታው ቀረ። በአንድ አምባ የተከማቸውን አንድ ጦር ሊወስደው ቻለ፤ በየቤቱ የተበተነውን ግን ሊለቅመው አልቻለም።

ከዚህ በኋላ ወደ ሁለተኛው ልማድ፥ ወደ መስጠቱ እንምጣ። የቀድሞው ልጅ የፊደሉን ገበታ ይዞ በስንደዶ እየጠቈመ ሀ ሁ ይላል፤ ቀጥሎም አቡጊዳን፥ ከዚያም መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌለ ዮሐንስን ይማራል፤ በመጨረሻ ዳዊትን ይደግማል። ከቍጥር ወደ ግእዝ ንባብ፥ ከግእዝ ወደ ውርድ ንባብ፥ ከዚያም ወደ ቁም ንባብ እየተሻገረ ምላሱ ይፈታል። ዳዊት የደገመ ዕለትም ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ደግሰው መምህሩን ያከብራሉ፤ ጎረቤትም ይጠራል። የልጁ ማንበብ የመምህሩና የተማሪው ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰቡና የሰፈሩ ደስታ ነበረ ማለት ነው።

ዳዊትም እንደ ሌሎቹ መጻሕፍት በዕቃ ቤት አልተወሰነም። በቆዳ ማኅደር ገብቶ በማንገቻ በትከሻ ይያዛል፤ መንገደኛው ይዞት ይሄዳል፤ ማታ በቤት ከምሰሶው ይሰቀላል። 150ው መዝሙር በዐሥር በዐሥር ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ንጉሥ ስለሚባል፥ ሰው እንደ ጊዜው አንድ ንጉሥም ሁለት ንጉሥም ደግሞ ወደ ሥራው ይሄዳል። የመጽሐፉ አከፋፈል ራሱ ለቤት ንባብ የተመቸ ነው። ፊደል ያልቈጠረ አባት እንኳ ልጁን በእሳቱ ዳር አስቀምጦ «በል ድገምልኝ» ይለዋል፤ ቃሉን በቤተ ክርስቲያን ዘወትር ስለ ሰማው፥ ልጁ የዘለለ እንደ ሆነ ጆሮው ያስታውቀዋል። እንዲህ ሆኖ ያልተማረው አባት ለልጁ ትምህርት ረዳት ይሆን ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ ልማድ ጕድለት አልነበረበትም አይባልም። ቋንቋው ግእዝ ስለ ሆነ ብዙ ልጅ ቃሉን እየጠራ ምሥጢሩን ሳያውቅ ያድግ ነበር። ሴቶች ልጆችም፥ ከመኳንንትና ከካህናት ቤት ከወጡት ጥቂቶች በቀር፥ ወደ ፊደል ገበታ አልቀረቡም። እኛ ከዚህ ልማድ የምንፈልገው ጕድለቱን አይደለም፤ መጽሐፍ ከልጅ ጋራ ወደ ቤት መግባቱንና በቤት የሚሰማው ሰው ማግኘቱን ነው።

ኅትመት ከመጣ ወዲህ የመጽሐፍ ዋጋ ረከሰ። በግእዝ ፊደል ከታተሙት መጻሕፍት የመጀመሪያው ይኸው ዳዊት ነው፤ የታተመውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1513 ዓመት በሮማ ከተማ፥ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ በዚያ ከነበሩት የአገራችን መነኰሳት ተምሮ ያሳተመው ነው። በአገራችንም በ1900 ዓመተ ምሕረት የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፥ በ1917 የተፈሪ መኰንን፥ በ1923 የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ተከፈቱ፤ በዚሁ መካከል ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1910 ዓመተ ምሕረት «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» የሚለውን መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፍ በአባትና በልጅ መካከል የሚቀመጥ ነገር መሆኑን ስሙ ራሱ ይመሰክራል። በ1936 ዓመተ ምሕረትም በአዲስ አበባ ወመዘክር የሚባለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ።

ሆኖም ከአዲሱ ትምህርት ጋራ አንድ ነገር ተለወጠ። ዳዊቱ የቤተ ሰቡ ገንዘብ ነበረ፤ የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ግን የመንግሥት ንብረት ነው። ንብረት በመዝገብ ይያዛል፤ የጎደለ እንደ ሆነ የሚጠየቅበት ጠባቂ አለው። በብዙ ስፍራ ጠባቂው መጽሐፉ ሳይነበብ አቧራ ቢለብስ የሚጠይቀው የለም፤ ተነብቦ ቢጠፋ ግን ዋጋውን ሊከፍል ይችላል። ሰው ነውና ከሁለቱ መዝጋቱን ይመርጣል። መዝጋትን ያስፈለገው የብራና ዘመን አለፈ፤ ምክንያቱ ሄዶ ቍልፉ ብቻ ቀረ። ጥፋቱም የጠባቂው ሳይሆን ጥያቄውን አጣሞ የሚጠይቀው ሥርዓት ነው።

መጽሐፍ ከእጅ ሲርቅ የሚሆነውን በ1971 ዓመተ ምሕረት የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አስተምሮናል። በሚሊዮን የሚቈጠሩ ጐልማሶች ፊደል ቈጠሩ፤ አገሪቱም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980 ዓመት ስለዚህ ሥራ ዓለም አቀፍ የንባብ ሽልማት ተቀበለች። ነገር ግን ፊደል የቈጠረ ሰው የሚያነበው ነገር ካላገኘ የተማረው ቀስ በቀስ ይጠፋዋል። ስለዚህ ከትምህርቱ በኋላ በየገጠሩ የንባብ ክፍሎች ማቋቋም አስፈለገ። ፊደል እንደ እርሻ መሬት ነው፤ ታርሶ ካልተዘራበት አረም ይወርሰዋል።

ከዚህ በኋላ መጽሐፍን ወደ ልጅ ለማድረስ የተነሡ ሰዎች አልጠፉም። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ቤተ መጻሕፍት በልጆች ክፍል ሲሠሩ፥ ለሌሎች ሕዝቦች ልጆች በየቋንቋቸው የተዘጋጀ መጽሐፍ ሲገኝ በአማርኛ የተጻፈ ግን እንደሌለ አስተዋሉ። ስለዚህ የሞኙን የማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ በ1995 ዓመተ ምሕረትም በአዲስ አበባ ሾላ በሚባለው ሰፈር የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ቈይቶም በአዋሳ መጻሕፍት የተጫነበት ጋሪ በአህያ እየተሳበ ልጆች ወዳሉበት መሄድ ጀመረ። ልጁ ወደ መጽሐፉ መምጣት ባይችል መጽሐፉ ወደ ልጁ መሄድ ይችላልና፥ ይህ አሳብ ያው የማኅደሩ አሳብ ነው፤ ትከሻው በአህያ ተለወጠ እንጂ።

ነገሩ ቀላል አይምሰለን። በ2002 ዓመተ ምሕረት በስምንት ክልሎች ልጆች በየአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲመዘኑ፥ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶው 34ቱ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ትምህርት ቤት ተመላልሶ አንድ ቃል ሳያነብ የሚቀር ልጅ፥ ከዚያ ወዲያ ታሪኩንም ሒሳቡንም በምን መንገድ ይማረዋል? መምህሩ በአንድ ክፍል ስድሳና ሰባ ልጅ ይዞ እያንዳንዱን ሲያነብ ሊሰማ አይችልም። ይህን ጕድለት ሊሞላ የሚችለው ማታ በቤት ያለው ጊዜ ነው፤ ለዚያም ጊዜ ልጁ የሚያነበው መጽሐፍ ያስፈልገዋል።

በዚህ አሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው፥ መጻሕፍቱ ይጠፋሉ፥ ይቀደዳሉ የሚል ነው። እውነት ነው፤ ጥቂቶች ይጠፋሉ። ነገር ግን ተነብቦ ያለቀ መጽሐፍ ሥራውን ሠርቶ አልቋል፤ ሳይነበብ ምስጥ የበላው ግን በከንቱ ጠፍቷል። ማንም ገበሬ ጥቂቱን ወፍ ይለቅመዋል ብሎ ዘሩን ከጎተራ አያስቀርም። ሁለተኛው፥ ወላጆቹ ማንበብ አይችሉም የሚል ነው። ለዚህ መልሱን ከእሳቱ ዳር የተቀመጠው የጥንቱ አባት ሰጥቶናል። ልጅ ከወላጁ የሚፈልገው ማስተማርን ብቻ አይደለም፤ መደመጥንም ነው። «ዛሬ ምን አነበብህ? እስቲ ለእኔ አንብብልኝ» ለማለት ፊደል መቍጠር አያሻም። መጽሐፉም ወደ ቤት ሲገባ አንባቢው አንድ ብቻ አይሆንም፤ ከብት ጠባቂው ወንድምና በሥራ የምትውለው እኅት አብረው ይሰሙታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አድራጎቱ ከባድ አይደለም። የትምህርት ቤቱ ኀላፊ ለእያንዳንዱ ልጅ በየሳምንቱ አንድ መጽሐፍ እንዲሰጠው፥ ስሙም በመዝገብ እንዲጻፍ፥ መጽሐፉ ሲመለስ ሌላ እንዲተካለት ይዘዝ። እናት ከአሮጌ ጨርቅም ቢሆን ማንገቻ ያለው ማኅደር ትስፋለት፤ መጽሐፍ ከዝናብና ከጭቃ የሚጠበቀው ከአባቶቻችን ዘመን ጀምሮ እንዲሁ ነውና። በዓመቱ መጨረሻም ጠባቂው «ስንት ጠፋ?» ተብሎ ብቻ አይጠየቅ፤ አስቀድሞ «ስንት ወጣ? ስንት ተነበበ?» ይባል፤ በማንበብ ብዛት ያረጀውም በአገልግሎት አለቀ ተብሎ ይመዝገብለት እንጂ ዕዳ አይሁንበት።

ለካህናትም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። የንስሓ አባት ቤት ለቤት ሲገባ ስለ ጤናና ስለ ኑሮ እንደሚጠይቅ፥ ልጁ ያመጣውንም መጽሐፍ «ወዲህ በለው» ብሎ አንድ ገጽ ቢያስነብበው፥ ያ ልጅ መጽሐፍን በቤቱ እንደ ተከበረ እንግዳ ያየዋል። የከተማም ሰው፥ ነጋዴውም ጸሓፊውም፥ ልጁ መጽሐፍ አንብቦ የጨረሰበትን ቀን አባቶቻችን ዳዊት የተደገመበትን ቀን እንዳከበሩት በአንድ እንጀራም ቢሆን ያክብረው።

አባቶቻችን ውድ የሆነውን መጽሐፍ ቈልፈው ጠበቁት፤ ሊሸከሙት የቻሉትን ግን በልጁ ትከሻ አንግተው ወደ ቤት ሰደዱት። ዛሬ መጽሐፍ ሁሉ ሊሸከሙት የሚቻል ሆኗል። የቀረው ቍልፉን መክፈት ነው፤ ቍልፉም ያለው በእጃችን ነው።