የአቪዬሽን እንግሊዝኛ

አብራሪዎችና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች በዓለም አቀፍ በረራ በሬዲዮ የሚግባቡበት የሥራ ቋንቋ። አብዛኛው በቋሚ ሐረጎች የተገደበ ነው፤ መስተዋድድና ረዳት ግሥ እየተቀነሰ ባጭሩ ይነገራል። ሐረግ ያልተበጀለት ነገር ሲገጥም፣ ለምሳሌ ተሳፋሪ በጠና ሲታመም፣ ተናጋሪው ወደ ተራው እንግሊዝኛ ይሻገራል። የሰዋስው ችሎታው በእርግጥ የሚፈተነው ያኔ ነው።

በማርች 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. በቴነሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጉም ውስጥ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። ከምክንያቶቹ አንዱ የኔዘርላንዱ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ የተናገረው አሻሚ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «ለመነሳት ቆመናል» ተብሎም «እየተነሳን ነው» ተብሎም ሊሰማ ይችላል። ተቆጣጣሪው የመጀመሪያውን ያዘ፤ አውሮፕላኑ ግን ይንደረደር ነበር። ተደራርቦ የገባ የሬዲዮ ድምፅም የቀረውን መልእክት አወከው። ከዚያ ወዲህ «ቴክ ኦፍ» (መነሳት) የሚለው ቃል የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር ተወሰነ።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. ባለ ስድስት ደረጃ የችሎታ መለኪያ አጸደቀ፤ ዝቅተኛው ተፈላጊ አራተኛው ነው። መለኪያው የትውልድ ቋንቋ ዘዬን አይከለክልም፤ መግባባትን እንዳያውክ ብቻ ይጠይቃል፤ ይህም ፍትሐዊ አቋም ነው። አራተኛ ደረጃ ያለው ባለሙያ በየሦስት ዓመቱ እንደገና እንዲፈተን ይመከራል።