የአራዳ መፍረስ ዜና

በ2016 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በወርኃ የካቲት የዓድዋ ድል መታሰቢያ በአዲስ አበባ በአራዳ፣ ማለትም በፒያሳ፣ ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ ኤክስካቫተሩ መጣ፤ የፒያሳው ሰፈር ዶሮ ማነቂያም ፈረሰ። የፈረሰበትም ምክንያት የኮሪደር ልማት ተባለ።

ዜናው 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በጉራጌ አገር ወዳለችው ወደ መስቃን ከተማ ቡታጅራ ደረሰ። የመስቃን ሰው ባሕር ባይኖረውም አራዳ ወደቡ ነበረና አዘነ።

ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባን በ1879 ዓ.ም. ከቆረቆሩ በኋላ አራዳ ታላቅ ገበያ ሆነ። ጉራጌውም ከመስቃን፣ ከሶዶ፣ ከሰባት ቤት እየተነሣ በእግሩ ገባ፤ ጭቃ አቦካ፣ እንጨት ተሸከመ። አርመኑና ግሪኩ፣ ሕንዱም ባለ ሰገነት ቤት አሠሩ። የአሠሪው ስም ሲነገር ኖረ፤ ጭቃ ያቦካውን የጻፈ ጸሐፊ ግን የለም። እርሱም ቆይቶ ሱቅ ከፈተ፤ ወንድሙን አስጠራ፣ ወንድሙም የአጎቱን ልጅ። ጣልያን አገር በያዘ ጊዜ ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛውሮ መርካቶን አቆመ፤ ነጋዴው ተከትሎ ሄደ፤ ቤቶቹ በአራዳ ቀሩ።

በሐምሌ 1967 ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወረሰ። ከዚያ ወዲህ ተከራዩ የእኔ አይደለም ብሎ አላደሰ፤ ቀበሌውም የኔ ነው ብሎ አልጠገነ። ቆርቆሮው ዛገ፣ ሰገነቱ ዘመመ። በመጨረሻም «አርጅቷል» ተብሎ ተፈረደበት፤ ማን እንዳስረጀው ግን አልተጠየቀም።

ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በዚያው በፒያሳ ያለው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በተቃጠለ ጊዜ ብዙ ሰው አለቀሰ፤ ሆቴሉም ታደሰ። ስም ያለው ቤት አልቃሽ አያጣም። ለጓሮው ቤትስ ማን ደረት መታ?

እውነቱን ለመናገር፣ በዶሮ ማነቂያ ግቢዎች ብዙ ቤተሰብ በአንድ መጸዳጃ ይጠቀም ነበር፤ ኮንዶሚኒየም ደርሶት እፎይ ያለም አለ። ከነዋሪው ብዙው ወደ ከተማዋ ዳር፣ ወደ ገላን ጉራ ሄደ። ዕቃው በአይሱዙ ተጫነ፤ ዕድሩና ዕቁቡ ግን ተበተነ።

በመስከረም 2017፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ የመስቀል ተጓዦች ወደ ጉራጌ አገር ሲወርዱ በአራዳ መንገዱ ሰፍቶ፣ መብራቱ በርቶ ነበር። ይህንንም ጻፍን፤ ሆኗልና። የኮሪደሩም ሥራ ወደ ክልል ከተሞች ወረደ።