እንጥል ከመቁረጥ እስከ ፔኒሲሊን፦ የሕፃናት የጉሮሮ ሕመም በሰሜን ተራሮች ግርጌ

ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም ሽቅብ እስከ ቡይት ራስ ባለው ደጋ፣ ጉሮሮው ያበጠና ምግብ አልወርድ ያለው ሕፃን «እንጥሉ ወረደ» ሲባል ኖሯል። ስያሜው ራሱ ሕክምናውን ይወስናል፤ የወረደ ነገር ይቆረጣል። ከባህል ሐኪሞች አንዱ እንጥሉን በስለት ሲቆርጥ፣ ሌላው ያበጠውን ቶንሲል በጥፍሩ ይቧጥጣል።

ይህን የአገራችን ኋላ ቀርነት ብቻ አድርጎ መቁጠር ግን ታሪክን ማዛባት ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ሴልሰስ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የጠጠረ ቶንሲል ዙሪያውን በጣት ተፈልፍሎ እንዲወጣ መክሯል። በአውሮፓና በአሜሪካም እስከ ሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የብዙ ሕፃናት ቶንሲል ያለ በቂ ምክንያት በቀዶ ሕክምና ይወጣ ነበር። ማደንዘዣውና ንጽሕናው ይለያይ እንጂ፣ ያበጠው አካል ራሱ በሽታው ነው የሚለው እምነት አንድ ነበር።

እምነቱን የናደው የጉሮሮ ሳይሆን የልብ ጥናት ነው። ሬቤካ ላንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ1933 ስትሬፕቶኮከስን በምድብ ከከፋፈሉ በኋላ፣ የ«ኤ» ምድብ ተሕዋስያን ከሩማቲክ ትኩሳት ጋር ያላቸው ግንኙነት እየጠራ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1950 የታተመውና በዋዮሚንግ በሚገኝ የአሜሪካ ጦር ሰፈር የተካሄደው ጥናት፣ የጉሮሮ ሕመሙን በፔኒሲሊን ማከም ሩማቲክ ትኩሳትን እንደሚከላከል አሳየ። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀናት ውስጥ ሕክምናው ከተጀመረ ልብን ይታደጋል። ብዙም ሳይቆይ የመጣው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ደግሞ የ10 ቀኑን መድኃኒት ወደ አንድ መርፌ አሳጠረው። ልጇን አዝላ ከቡይት ራስ ደባርቅ ድረስ በእግሯ ለምትወርድ እናት፣ ዳግም አለመመላለሷ ከመድኃኒቱ ያላነሰ ትርጉም አለው።

የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ሲጀምር ይህ ዕውቀት ገና ትኩስ ነበር። እንጥል ቆራጩ ግን ከሥራው አልተፈናቀለም፤ ምክንያቱም ቅርብ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አብዛኛው የሕፃናት የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ በሳምንት ገደማ በራሱ ይድናል። የተቆረጠው ሕፃን ሳይቆረጥም ይድን ነበር፤ ምስጋናው ግን ለስለቱ ይሆናል። ስትሬፕቶኮከስ የያዘውም ቢሆን ጉሮሮው ይሽራል። ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ መገጣጠሚያው ሲያብጥ፣ ከዓመታት በኋላም ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ያን የጉሮሮ ሕመም የሚያስታውስ የለም። እንጥል ቆራጩን ከወቀሳ ያዳነው ይኸው የጊዜ ርቀት ነው።

እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2005 ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 561 እስከ 570 ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ይቀጣል። ሕጉ ስለትን ሊያስፈራ ይችላል፤ መርፌውን ግን ወደ ገጠሩ አያደርስም። ልባቸው የተጎዳ ሕፃናት በአዲስ አበባ የልብ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 ተከፍቶላቸዋል፤ ከዚያ በፊት ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር።

እንጥሉ ተቆርጦ ለሚመጣ ሕፃን የደም መፍሰሱና የመንጋጋ ቆልፍ ስጋት ቀድሞ ይታያል። የመጀመሪያው ትኩሳት መቼ እንደ ጀመረ መጠየቅ ግን ይዘነጋል። ምልክቶቹ ወደ ስትሬፕቶኮከስ ካመለከቱ፣ መቆረጡ እንደ ክብደቱ 600 ሺህ ወይም 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ከመውሰድ አያስቀረውም። አፉን መክፈት ያቃተው፣ ምራቁ የሚዝረበረብና የጉሮሮው አንድ ወገን ያበጠ ሕፃን መግል ቋጥሮ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይላካል።