ኢንፍሉዌንዛ፦ ስሙ ከየት መጣ?

"ዶክተር፣ ልጄን ኢንፍሉዌንዛ ይዞታል፤ እባክዎ አንቲባዮቲክ ይዘዙለት።" ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። መልሴ "አይሆንም" ሲሆን የሚከፉ እናቶችና አባቶች ስላሉ ዛሬ የቃሉን ታሪክ ልንገራችሁ።

"ኢንፍሉዌንዛ" ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጣልያንኛ ነው፤ ትርጉሙም "ተጽዕኖ" ማለት ነው። የማን ተጽዕኖ? የከዋክብት! በጥንት ዘመን ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲታመም ከሰማይ ከዋክብት የመጣ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1743 ወረርሽኙ ከጣልያን ሲዛመት እንግሊዞች ስሙንም አብረው ወሰዱ። በኋላም አሳጥረው "ፍሉ" አሉት።

እኛ ደግሞ በወሩ ሰየምነው። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ክፉኛ የመታው በኅዳር ስለነበር "የኅዳር በሽታ" ተባለ። ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የምናቃጥልበት "ኅዳር ሲታጠን" ከዚያ ዘመን ትዝታ ጋር የተያያዘ ነው።

ሐኪሞችም ተሳስተው ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1892 ጀርመናዊው ሪቻርድ ፋይፈር ምክንያቱ አንድ ባክቴሪያ ነው አለ፤ ብዙዎችም ተቀበሉት። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ከሰው ተለይቶ የተገኘው ግን በ1933 ለንደን ውስጥ ነው።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይገድልም። ያለ አስፈላጊነቱ ሲሰጥ ልጅዎን ለተቅማጥና ለሽፍታ ሊዳርግ፣ ባክቴሪያዎችንም መድኃኒቱን እንዲለምዱ ሊያደርግ ይችላል። የሚታዘዘው ሐኪም መርምሮ እንደ ሳንባ ምች ያለ ተጨማሪ የባክቴሪያ ሕመም ሲያገኝ ነው።

ቤት ውስጥ እረፍት፣ በቂ ፈሳሽ፣ ለሚጠባ ሕፃን ደግሞ ጡት ቶሎ ቶሎ ይስጡ። ለትኩሳት ፓራሲታሞል በልጁ ክብደት ልክ ይበቃል፤ አስፕሪን ግን ለልጅ አይስጡ። አስም ያለበትን ልጅ ከኅዳር ጭስ ያርቁ።

ልጁ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደነዘዘ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ዕድሜው ከሁለት ወር በታች ከሆነ ትኩሳት ብቻውን ይበቃል፤ አይጠብቁ።

ጤና ይብዛላችሁ!