ከካሬሊያ ቅቤ እስከ እኛ ዘይት

በሽታን በመንደር ደረጃ የመከላከል ታሪክ ለረጅም ዘመን የተላላፊ በሽታ ታሪክ ነበር፤ ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ክትባት። ልብ፣ ደም ግፊትና ስኳር ለሐኪምና ለታማሚው የተተዉ ነበሩ። በ1948 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ፣ በፍራሚንግሃም ከተማ የተጀመረው ጥናት ሲጋራ፣ ደም ግፊትና ኮሌስትሮል ለልብ ሕመም እንደሚያጋልጡ አሳየ።

ዕውቀቱን ወደ ማዕድ ያወረዱት ፊንላንዶች ናቸው። በአገራቸው በሰሜን ካሬሊያ አውራጃ ብዙ ወንዶች ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ሳያበቁ በልብ ሕመም ይቀጠፉ ነበር። የአካባቢው ተወካዮች በ1971 እ.ኤ.አ. ለመንግሥት አቤት አሉ፤ በዓመቱም ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሐኪም ፔካ ፑስካ የሚመራው ፕሮጀክት ተጀመረ። አገሩ የላም አገር ነው፤ ዳቦ ያለ ቅቤ አይበላም ነበር። ፑስካ ሕዝቡን በመገሠጽ አልጀመረም። ማርታ የተባለው የሴቶች ማኅበር አባላት መንደር ለመንደር ግብዣ አሰናዱ፤ የአገሬውን የሥጋ ወጥ ስቡን ቀንሰው፣ አትክልት ጨምረው ሠርተው አቀመሱ። መንደሮች ኮሌስትሮል በመቀነስ ተወዳደሩ። የወተት ገበያ ሲቀዘቅዝ ገበሬው እንጆሪና መሰል ፍሬዎች እንዲያለማ ታገዘ። ይህ የመጨረሻው ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል፤ የገበሬውን ኪስ የዘነጋ የጤና ምክር ከጆሮ አያልፍም።

በሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ውስጥ በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉ ወንዶች የልብ ሕመም ሞት ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። ለማነጻጸሪያ በተያዘው ጎረቤት አውራጃም ሞት ስለቀነሰ፣ ከውጤቱ ምን ያህሉ የፕሮጀክቱ እንደሆነ ምሁራን ተከራክረዋል። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በጎ ልማድ በአውራጃ ድንበር አይታጠርም።

በእኛ አገር የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለየቀበሌው ሁለት ሠራተኞች ታሰቡ። ከፕሮግራሙ 16 የጤና አገልግሎት ጥቅሎች መካከል ስለ ደም ግፊትና ስኳር ራሱን የቻለ አልነበረም፤ ወባና የእናቶች ሞት ፋታ አይሰጡም ነበርና አልፈርድም። እንዲህ ያሉ በሽታዎች የተካተቱት ኋላ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከለከለ።

ማዕዱ ግን ገና አልተነካም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ቤት ለቤት ዞረው የረጋ ስብ ቀንሱ ቢሉ፣ እናት ከሸማቾች ሱቅ ለዓመታት በድጎማ ስታገኝ የኖረችው የፓልም ዘይት ነው፤ እሱም የረጋ ስብ የሚበዛበት። በገዛ መሬታችን የሚበቅለው ኑግ ዘይቱ የረጋ ስብ የሚያንስበት ቢሆንም ዋጋው ከአቅሟ በላይ ነው። ፊንላንዶች ለቅዝቃዜያቸው የሚስማማ የቅባት እህል ዘር አሻሽለው ገበያውን ለውጠዋል። ኑግን ከደሃ ጓዳ ማድረስ የግብርናና የንግድ መሥሪያ ቤቶች ሥራ ነው፤ ለጤና ኬላ ብቻ የሚጣል ሸክም አይደለም።