ጨንቻና ዶርዜ፦ ጠባብ ማሳ፣ የአፕል ዛፍና የሽመና ጉድጓድ

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህች አጭር ርቀት ውስጥ ሙዝና ማንጎ የሚበቅልበት ቆላ ያበቃና የቀርከሃ፣ የእንሰትና የገብስ አገር ይጀምራል። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ጨንቻ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከዳገቱ ራስ ሆኖ ወደ ታች ለሚመለከት፣ የአባያና የጫሞ ሐይቆች በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ተዘርግተው ይታያሉ። ደጋው ብርዳም ነው፤ ጉም የማይጎበኘው ቀን ጥቂት ነው።

የጋሞ ደጋ ከጥንት ጀምሮ ሕዝብ በብዛት የሰፈረበት ምድር ነው። አባት ለልጆቹ፣ ልጆቹም ለልጆቻቸው ሲያካፍሉት የኖሩት መሬት በየትውልዱ እየጠበበ መጥቶ፣ ዛሬ የብዙ አባወራ ይዞታ ከጓሮ አትክልት ስፍራ እምብዛም አይሰፋም። አፈሩም በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። የአካባቢው ሰው በቤቱ ዙሪያ እንሰት ይተክላል፤ የከብቱን ፍግም ለዚሁ ይሰጣል። ከእንሰቱ የሚገኘው ቆጮ በጉድጓድ ተቀብሮ ከበሰለ በኋላ ለወራት ስለሚቆይ ከድርቅና ከምርት መጓደል ይታደጋል። ሆኖም እንሰት ያጠግባል እንጂ ገንዘብ አያመጣም። የትምህርት ቤት ወጪና ግብር የሚከፈለው ከሌላ ምንጭ ነው። አፕሉም ሽመናውም ዋጋቸው የሚገባው ከዚህ አንጻር ሲታዩ ነው።

አፕል ወደ ጨንቻ የገባው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በሚሆን ጊዜ ውስጥ፣ በዚያ ይሠሩ በነበሩ የወንጌል መልእክተኞች አማካይነት ነው። መጀመሪያ በተልእኮው ቅጥር ግቢ ውስጥ የተወሰነው ዛፍ ቀስ በቀስ ወደ ገበሬው ጓሮ ተሸጋገረ። «የጨንቻ አፕል» የሚለው ስም በአዲስ አበባ ገበያ የታወቀውም በዚህ መንገድ ነው። ይሁን እንጂ ዛፉን ከምድር ወገብ በቅርብ ርቀት ላይ ማልማት ቀላል ሥራ አይደለም። አፕል የብርድ አገር ፍሬ ነው። በትውልድ አገሩ ክረምት ሲገባ ቅጠሉን አራግፎ ያርፋል፤ እምቡጡ በቂ የብርድ ሰዓት ካገኘ በኋላ በጸደይ ያብባል። በጨንቻ ግን ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም እንዲህ ያለ የተራዘመ የብርድ ወቅት የለም። ስለሆነም ጥቂት ብርድ የሚበቃቸው እንደ አናና ፕሪንሴሳ ያሉ ዝርያዎች ይመረጣሉ። እንዲህ ባሉ የሐሩር ክልል ደጋዎች ቅጠሉን በእጅ አራግፎ ዛፉን «ማሳረፍ»፣ ቅርንጫፉንም በወቅቱ መግረዝ የተለመደ ዘዴ ነው፤ ተፈጥሮ የነፈገችውን ክረምት የሰው እጅ ይተካዋል ማለት ነው።

የፍሬውን ያህል ምናልባትም ከዚያ በላይ የጨንቻን ገበሬ የጠቀመው ችግኙ ነው። ከአፕል ዘር የሚበቅል ዛፍ የእናቱን ፍሬ በትክክል ስለማይሰጥ፣ የሚፈለገው ዝርያ ቅርንጫፍ ጠንካራ ሥር ባለው ግንድ ላይ ይዳቀላል። ይህን ጥበብ የተካኑት የጨንቻ ገበሬዎች የተዳቀሉ ችግኞችን ለሌሎች ደጋማ አካባቢዎች ሲሸጡ ቆይተዋል። ነገር ግን ችግኝ የሚገዛ አካባቢ ውሎ አድሮ ራሱ ማዳቀልን ይማራል። ፍሬ የሚገዛ ሰው ዓመት ጠብቆ ተመልሶ ይመጣል፤ ችግኝ የገዛ ግን ላይመለስ ይችላል። የአካባቢው የአፕል ልማት ዘላቂነት በፍሬው ጥራት፣ በማከማቻና በመንገድ ላይ የሚመሠረተው ለዚህ ነው።

ሽመናው ከአፕሉ እጅግ የቆየ ነው። በዶርዜ ሴቷ ጥጡን በእንዝርት ትፈትላለች፤ ወንዱ በጉድጓድ ላይ በተተከለው መሸመኛ ተቀምጦ ድርና ማጉን ያገናኛል። ጥጡ የሚመጣው ከቆላ ስለሆነ ሙያው ራሱ የደጋና የቆላ ግንኙነት ውጤት ነው። ከነጠላና ከጋቢ ሌላ፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለማትን የሚያፈራርቀው ዱንጉዛ የጋሞ መለያ ሆኗል። በሌሎች የኢትዮጵያ ክፍሎች ሸማኔ ለዘመናት ይናቅ በነበረበት ጊዜ፣ በጋሞ ሽመና የባለመሬት ዜጋ ሥራ ነበር። ይህ ማለት ግን የእጅ ሥራ ሁሉ ይከበር ነበር ማለት አይደለም። ሸክላ ሠሪዎቹ ማናዎችና ቆዳ ፋቂዎቹ ደጋላዎች ከጋብቻና ከመሬት ተገልለው ኖረዋል፤ የእነርሱ ታሪክ በጎብኚ መምሪያዎች ላይ እምብዛም አይነሣም።

ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ የዶርዜ ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባ እየፈለሱ በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ሰፍረዋል። ዛሬ በመዲናዋ ለሠርግና ለበዓል የሚለበሰው የሐበሻ ልብስ ብዙው የእጃቸው ሥራ ነው። የፍልሰቱ ጨለማ ገጽታም አለ፦ ሙያ ትማራላችሁ ተብለው ከቀያቸው ተወስደው ጉልበታቸው የተበዘበዘ ሕፃናት አሉ። በሌላ በኩል ጥለትን አስመስሎ በማሽን የሚታተም ርካሽ ጨርቅ፣ ሸማኔው ቀናት የሚፈጅበትን ሥራ በገበያ ላይ ይፎካከረዋል።

የዶርዜ ቤት ሌላው የእጅ ጥበብ ነው። ከቀርከሃ ተጠልፎ የሚሠራው ይህ ጎጆ እስከ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ወደ ፊት የወጣው መግቢያው የዝሆን ፊት ይመስላል። ምስጥ ሥሩን ሲበላው ባለቤቱ የተበላውን ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ ቤቱ ዕድሜው በገፋ ቁጥር እያጠረ ይሄዳል። ካስፈለገም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል።

የምድሩ ስም በጽሑፍ ታሪክ ቀድሞ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1593 ስለ ኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋት በግዕዝ የጻፉት አባ ባሕርይ የጋሞ ካህን ነበሩ፤ ጥንታዊቷ ብርብር ማርያምም በዚሁ አካባቢ ትገኛለች። ክርስትናው ከነባሩ ሥርዓት ጋር ተጎራብቶ ኖሯል። በዶርዜ ጥናት ያደረገው ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ዳን ስፐርበር እንደጻፈው፣ የአካባቢው ሰዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ጾምም ይጾማል ይላሉ፤ ሆኖም ረቡዕና ዓርብ ከብቶቻቸውን መጠበቅ አያቆሙም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጋሞ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ገባ። ጨንቻም የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ሆና ቆይታ፣ በ1950ዎቹ መቀመጫነቱ ወደ አዲሲቱ አርባ ምንጭ ወረደ።

የአስተዳደር መቀመጫነቱ ቢቀርም ሽማግሌዎቹ በዱቡሻ፣ ማለትም በሸንጎው አደባባይ፣ ነገር መስማታቸውን አላቋረጡም። የሥርዓቱ ክብደት ለመላው አገር የታየው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። በቡራዩ በተፈጸመው ጥቃት የጋሞ ተወላጆች ተገድለው ብዙዎች ሲፈናቀሉ፣ በአርባ ምንጭ ወጣቶች በቁጣ ወጡ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። በባህሉ ሣር የያዘን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ጎሜ፣ ማለትም መቅሠፍት የሚያስከትል ነውር ነው። ወጣቶቹ ተመለሱ።

ጥቃቱ የደረሰው የዘመን መለወጫ ክብረ በዓላቸው ዮ ማስቃላ ሊከበር ቀናት ሲቀሩት ነበር። በሌላ ጊዜ ቢሆን ያ ወቅት ሸማኔው መሸመኛውን አቁሞ፣ ለቤተሰቡ የሸመነውን ይዞ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ ደጋው የሚመለስበት ነው።